በገዛ ፈቃዴ

«ስሜ ጉምሩክ ወረቀት ላይ እንዲገባ አልፈልግም፤ አለቀ» አለ ወንድምየው። ይህን ያለው ለእህቱ አይደለም፤ ለሚስቱ ነው፤ ያውም ወጥ ቤት ገብቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ የውሃው ጩኸት ይሸፍንልኛል ብሎ። እህቱ ነርሷ ግን ከግድግዳው ወዲህ፣ ስትተኛበት የሰነበተችውን ሶፋ አንሶላ እያጠፈች ነበርና አንድ ቃል አላመለጣትም። ቤቱ እንደሆነ ጎረቤት ሲያስነጥስ እዚህ ሆኖ «ይማርህ» የሚባልበት ቤት ነው። ሚስትየው ድምጿን ዝቅ አድርጋ እህትህ እኮ ናት አለችው። እሱም እህቴማ ናት፣ ማን አይደለችም አለ፣ ብሎ ቧንቧውን ዘጋ። ወዲያው ፊቱን በፎጣ እየጠረገ ብቅ አለና፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እንዴት አደርሽ፣ ሶፋው ወገብሽን አልጎዳሽም ወይ ሲል ጠየቃት። ደህና አድሬያለሁ አለችው። ምን ትበል? ጆሮዋ የሰማውን አፏ ቢያወጣው ልጆቹ ፊት ጠብ ሊሆን ነው፤ እሷ ደግሞ ያለችው በሰው ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነርሷ ስንት ዓመት ሙሉ የሌሊት ተረኛ እየሆነች ባጠራቀመችው ገንዘብ ሞተር ሳይክል ገዛች፤ ከሆስፒታሏም ያለ ደመወዝ የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዳ በሞተሯ አገር ለአገር ልትዞር ተነሳች። አብዳለች ያላት ብዙ ነው፤ እሷ ግን ሰው ሲያቃስት እየሰማሁ አርጅቼ ልሙት እንዴ ብላ ቆርጣ ነው። ባሕር በሞተር አይታለፍምና ሞተሯ በእንጨት ሳጥን ታሽጋ በመርከብ፣ እሷ በአውሮፕላን፣ ወንድሟ ወደሚኖርበት ወደዚህ የወደብ ከተማ መጡ። የቀረው ከጉምሩክ ማውጣት ብቻ ነበር። ጉምሩኮቹ ሳጥኑን ሲከፍቱ ግን ከሞተሯ ሆድ ሥር፣ በሁለቱ ጎማዎች መሐል፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተወተፈ አንድ ጆንያ አገኙ። ውስጡ የሱፍ ሹራቦች አሉበት፤ የአዋቂም፣ የልጅም። ነርሷ ትናንት ይህን ሲነግሯት የሌላ ሰው ሳጥን ነው ብላ ልትከራከር ቃጥቷት ነበር። ኋላ የጆንያውን አፍ የሰፋውን ክር ስታይ ክርክሩን ተወችው። እንደዚያ አድርጎ ጆንያ የሚሰፋ ሰው እናቷ ብቻ ናቸው።

እናትየው ሞተሯ በታሸገችበት ቀን አናጺው ዘንድ አብረው ሄደው ነበር። ልጃቸው የመርከቡን ወረቀት ልትጨርስ ዞር ስትል ጆንያውን ከዘንቢላቸው አወጡና ለአናጺው ሰጡት። ሰው አገር የሚሄድ ሳጥን ባዶ ቦታ ይዞ መሄዱ ነውር ነው፣ ልጄ ወንድሟ ቤት ባዶ እጇን አትገባም አሉት። አናጺውም ደግ ሰው ነው፤ ሞተሩንም ከመንገጫገጭ ይጠብቀዋል ብሎ እያመሰገናቸው ወተፈውና ክዳኑን በሚስማር መታው። ለእሷ ግን ማንም አልነገራትም፤ ሸክም የሚባል ነገር አልይዝም ብላ አስቀድማ ስለተናገረች ሁለቱም ፈሯት። እሷም «አንድ ሞተር ሳይክል፤ ሌላ ዕቃ የለም» የሚለው ላይ ምንም ሳትጠራጠር ፈረመች። ወንጀሏ ይኸው ነው። ጉምሩኩ ይህን ለሽያጭ የመጣ ዕቃ ደብቆ በሐሰት ማስመዝገብ ብሎ ይጠራዋል፤ ቅጣቱም ሞተሯን መውረስ ነው። መውጫው ሁለት ነው፤ ወይ ዕቃው የተላከለት ሰው መታወቂያውን ይዞ መጥቶ ይህ ከእናቴ የተላከልኝ ስጦታ ነው ብሎ ይፈርማል፣ ያን ጊዜ ሹራቡም ሞተሯም ይወጣሉ፤ ወይ እሷ ጆንያው ይቃጠል ብላ ፈርማ ሞተሯን ብቻ ይዛ ትሄዳለች። ቀነ ገደቡ ዛሬ ቢሮው እስኪዘጋ ነው። የእናቴን የእጅ ሥራ አላስቃጥልም፣ ወንድሜ ይመጣል ብላ ትናንት በኩራት ተናግራ ወጥታለች። ማታም ለወንድሟ ስትነግረው ምን ችግር አለው ብሏት ነበር። ሰው ለጎረቤቱ ፖስታ ሲቀበል የሚፈርመውን ያህል እንኳ የማይከብድ ፊርማ ነው እኮ።

ቁርስ ላይ ስለ ሙቀቱ አወሩ። ዛሬም ይሞቃል፤ ትናንትም ሞቆ ነበር፤ ዘንድሮ ከአምናው ይብሳል። ሚስትየው እንቁላሉን ለነርሷ አብዝታ ስታቀርብላት ነርሷ ወዲያው ነቃችባት፤ የባሏን ጥፋት በእንቁላል እየካሰች ነው። ከዚያ ወንድምና እህት አብረው ወጥተው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ወንድምየው የመብራት ዕቃ መደብር ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ነው፤ መደብሩ ከጉምሩኩ አንድ ፌርማታ ይቀድማል። የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ አስገብቶ መልስ እየጠበቀ ነው፤ አንድ የሥራ ባልደረባው ደግሞ ስምህ ጉምሩክ ክስ ውስጥ ከገባ ፋይልህ ተቀበረ በለው ብሎ አስፈራርቶታል። ይህን ነርሷም ታውቃለች። ፍርሃቱ አይደለም ያንገበገባት፤ የፈራ ሰው ፈራሁ ይላል። ያንገበገባት ፈገግታው ነው። በልጅነቷ በተውሶ ሞተር፣ ሜዳ ላይ፣ ከኋላዋ እየሮጠ መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፤ ስትወድቅ ጉልበቷን በምራቁ የጠረገላትም እሱ ነው። አሁን ጎን ለጎን ተቀምጠው እሱ የመስኮቱን መስታወት ያያል፣ እሷ የሱን ጆሮ ታያለች። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ እንደ አባታቸው ከጆሮው በላይ ነው የጀመረው።

ሊወርድ ሲነሳ ክንዱን ያዘችው። «ወንድም ጋሼ፣ የማትመጣ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ። አልቀየምህም።»

«እንዴት አልመጣም? ምን ነካሽ አንቺ? አለቃዬን አስፈቅጄ ከምሳ በፊት እዚያ ነኝ» አለና ትከሻዋን ቸብ አድርጓት ወረደ።

የጉምሩኩ አዳራሽ ሰፊ ነው፤ ወንበሩ ግን ጥቂት፤ ስለዚህ ባለጉዳዩ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ግድግዳውም በሰው ጀርባ ወዝ ጠቁሯል። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ማራገቢያ ይዞራል እንጂ አየር አያንቀሳቅስም። አንዱ መስኮት ወደዚያኛው ሂጂ ይላል፣ ያኛው ወደ ጥጉ ይልካል፣ የጥጉ ሰውዬ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። በጓሮ በር በኩል የእሷ ሳጥን ይታያል፤ ክዳኑ ተነስቶ የሞተሯ አንድ መስታወት ብቅ ብሏል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ጉዳይዋን የያዘውን ሹም ባለጉዳዮቹ ባለማህተሙ ይሉታል፤ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ማህተሙን ኪሱ ከትቶ ስለሚሄድ ነው። ክፉ አይደለም ይላሉ፤ ደግነቱንም ያየ የለም። ወንድምዎ መጡ ወይ አላት። ይመጣል አለችው። እባክዎ ጆንያውን በደንብ ከፍተው ይመልከቱት፣ አንዲት አሮጊት ቤቷ ቁጭ ብላ የሠራችው መሆኑን ዓይን ያለው ሁሉ ያውቃል፣ ብላ ለመነችው። እሱም ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ የጆንያውን አፍ ፈትተን ቆጥረነዋል፣ የኛ ሥራ መቁጠር ነው፣ ማየት አይደለም አላት። 

እሷ እዚያው ቆማ ሳለ አንድ ሱፍ የለበሰ ነጋዴ በጎን በር ገባ፤ ወንበር የጠፋበት አዳራሽ ለእሱ ወንበር ወለደለት። ካርቶን እስከ አፉ የሞላ የጭነት መኪና ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሹሞቹ ነጋዴውን ከበው ተሳሳቁ፣ ባለማህተሙም ማህተሙን ከኪሱ አውጥቶ ወረቀቱ ላይ መታ መታ አደረገው፣ መኪናውም ወጣ። የሸራውን ገመድ ቋጠሮ እንኳ የነካ የለም። የነርሷ ደም ፈላ። እኔን በእናቴ ሹራብ አስረው የሱን መጋዘን በሳቅ ይለቃሉ ብላ፣ ሳይታወቃት፣ ድምጿን አውጥታ ተናገረች። አጠገቧ የጥርስ እንጨት የሚያኝክ ትራንዚተር ነበር፤ የሰው ዕቃ እያስፈታ የሚኖር። «አይግረምሽ እህቴ» አላት፤ «እዚህ የሚፈተሸው ዕቃ አይደለም፤ ሰው ነው።» ቀጥሎም ዓይን የሚያስጨፍን ዋጋ እንዳለ በጆሮዋ ሹክ አላት፤ የጠራው ገንዘብ የጉዞዋን ግማሽ ነዳጅ ይበላል። ወንድሜ እየመጣ ለምን ጉቦ እሰጣለሁ ብላ መለሰችለት። ይህን ስትል ራሷንም ታዘበች፤ ጠዋት በጆሮዋ ሰምታለች እኮ። ግን ሰው ከሚያውቀው ይልቅ የሚመኘውን ማመን ይቀለዋል፤ እሷም እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የአዳራሹ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ስትደውል ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ስትደውል ተዘግቷል። በዚያ ሐሩር አስፋልቱን ይዛ ወደ መደብሩ በእግሯ ሄደች። መደብሩ ፊት ለፊቱ ሁሉ መስታወት ነው፤ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጠው አምፖል ሁሉ በርቷል። ወንድሟ ከሒሳብ መቀበያው ኋላ ተቀምጧል፤ ደንበኛ የለም፤ ጥፍሩን ይነክሳል። አየችው። እሱም ቀና ሲል አያት። በመሐላቸው ያለው አንድ መስታወት ብቻ ነበር። እጇን ልታነሳ ስትል ወንድምየው ብድግ አለና ከጀርባው ያለውን የመጋዘን በር ከፍቶ ገባ። በሩ ሲዘጋ እንኳ ቀስ ብሎ ነው፤ ድምፅ እንዳያሰማ በእጁ ይዞ። ነርሷ ወደ ውስጥ ዘልቃ ሻጩን ወንድሜ የት ነው አለችው። ሻጩ ሳያስበው ወደ መጋዘኑ በር አየና፣ ቅድም ወጥቷል አላት። ኮቱ ወንበሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

እዚያ ቆማ ብዙ ነገር መጣባት። ልትጮህ ትችላለች። በሩን በርግዳ ገብታ በኮሌታው ልትጎትተው ትችላለች፤ በሽተኛ ከአልጋ አልጋ ስታገላብጥ የኖረች ሴት ናት፣ ጉልበቱ አላት። ግን ካርቶን መሐል ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ እህቱ እስክትሄድ የሚጠብቀው ትልቅ ሰው ታያትና አፈረችለት። ከአበዳሪ ይደበቃሉ፤ ከጠላት ይደበቃሉ፤ ሰው ከእናቱ ልጅ ይደበቃል? ሻጩን ሲመለስ እህትህ መጥታ ነበር በለው አለችው፤ በሩን አልፎ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ከበሩ ወዲያ ኮሽ ያለ ነገር የለም። ወደ ጉምሩኩ ስትመለስ መንገዱን እንኳ በቅጡ አላየችውም።

ቢሮው ሊዘጋ ሲል ባለማህተሙ ወረቀት ገፋላት። እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው፣ ዕቃው እንዲወገድ በገዛ ፈቃዴ ተስማምቻለሁ ይላል። ደጋግማ አነበበችው።

«ይቺን ‹በገዛ ፈቃዴ› የምትለዋን ልሰርዛት?»

«አይሰረዝም። የታተመ ነው።»

«ፈቃዴ አይደለም እኮ፤ እርስዎም ያውቃሉ።»

«ካልሆነ አይፈርሙ» አላትና ሰዓቱን አየ። ጨክኖ አይደለም፤ እራቱ ታይቶት ነው። ይህ ይበልጥ አናደዳት። ባትፈርም ሁለቱንም ታጣለች፤ ነገ ሞተሯ ከውርስ ዕቃ ጋር ትደረደርና ያው ሱፍ ለባሽ ነጋዴ በጨረታ ይወስዳታል። ከዚያ ወዲያ እሷ ተመልሳ ያንን የሌሊት ተረኛ ዩኒፎርም ልትለብስ ነው፤ ተሳክቶልሽ ነበር ወይ ለሚላት ሁሉ ልታስረዳ ነው። እናቷን አሰበች። ከመስኮቱ ብርሃን እንዳይርቁ ወንበራቸውን ከፀሐዩ ጋር እያዟዟሩ፣ መርፌውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ነው የሚሠሩት። እማዬ ይቅር በይኝ አለችና ፈረመች። ባለማህተሙ ማህተሙን ከኪሱ አወጣ፤ ከመምታቱ በፊት እንደ መነጽር እፍ አለበት።

ከመጋዘኑ ኋላ የተቆረጠ በርሜል አለ፤ የሚወገድ ዕቃ እዚያ ይቃጠላል። ጓንት ያጠለቀው ሠራተኛ ጆንያውን እንዳለ ወረወረውና ጋዝ አርከፈከፈበት። ሴትዮ፣ አንቺ ባታዪው ይሻላል አላት። የለም፣ የፈረምኩትን ልይ አለችው። ሱፍ ቶሎ አይነድም፤ ይጨሳል፣ ይኮማተራል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ነርሷ ያንን ሽታ ከሆስፒታል ታውቀዋለች፤ ጆንያው አመድ እስኪሆን ድረስ ቆመች። ከዚያ ወደ ሞተሯ ሄዳ የባትሪውን ገመድ አሰረች፣ ከግቢው እየገፋች አወጣቻት፣ ማደያው ድረስም በላብ ተጠምቃ ደረሰች፤ መርከብ ላይ ሲጫን ነዳጅ ስለማይፈቀድ የነዳጅ ቋቷ ደርቆ ነበር። ሞተሯ ነዳጅ ጠጥታ ሁለት ጊዜ ስትረገጥ ተነሳች። ነርሷ ይህችን ሰዓት ስንት ሌሊት አልማታለች፤ በሰው አገር መንገድ፣ በገዛ ሞተሯ። ደስታው የለም። መብራት ላይ ስትቆም እንኳ አፍንጫዋ ውስጥ ያለው ያ ሽታ ነው።

ቤት ስትደርስ ወንድሟ ቀድሟት ገብቶ፣ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ፣ በረንዳ ላይ ቆሟል። ሞተሯን ሲያይ ፊቱ በራ። ወጣችልሽ አይደል፣ አላልኩሽም፣ ሁሉም ነገር በትዕግሥት ነው እያለ ወረደና መቀመጫዋን ዳበሰ። አለቃው ዛሬ እንዴት ቀፍድዶ እንደያዘው፣ ስልኩም ባትሪ እንደጨረሰ፣ ውሃ የማያነሳ ምክንያቱን ተራ በተራ ደረደረ። ነርሷ አንድ ነገር ብቻ ትጠብቅ ነበር፤ ጆንያውስ ይላል ብላ። ጎማውን አየ፣ መስታወቱን አስተካከለ፣ ስንት ሊትር ትይዛለች አለ። ጆንያውስ አላለም።

እራት ቀርቦ ሁሉም እንደተቀመጡ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው። ነርሷ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠችው። እናትየው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ሳጥኑ ተከፈተ ወይ፣ ጉዴን አገኘሽው ወይ ብለው ሳቁ፤ እንግዲህ አትቆጪኝ፣ እናት መሆን ነው አሉ። ነርሷ ወንድሟን አየችው። ወንድምየው ሳህኑን አየ። 

«አልቆጣሽም እማዬ» አለች። «ወንድም ጋሼ እዚሁ አለ፤ ራሱ ይንገርሽ» ብላ ስልኩን ወደሱ ገፋችው።

ወንድምየው ጉሮሮውን ጠረገ። «እማዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ደርሶኛል።»

«እሰይ! ለካኸው?»

«አሁን ለብሼው ነው የማዋራሽ። ልክክ ብሏል።»

«እጅጌውስ?»

«እጅጌውም ልክ ነው፤ ሁለቱም እጄ ድረስ ደርሰዋል። አታስቢ።»

  እናትየው ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያስረዱ አድርገው ተናገሩ። «ልጄ፣ ያንተ ሹራብ እኮ አንድ እጅጌ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛውን ልጀምር ስል ዓይኔ እምቢ አለኝ። ሚስትህ ትጨርስልህ ብዬ ክሩን ከነመርፌው አብሬ ጠቅልዬልሃለሁ።»

 ነርሷ ስልኩ ላይ አፈጠጠች። አንድ እጅጌ! አንድ እጅጌ ያለውን ሹራብ በየትኛው አገር ነው የሚሸጡት? ያ ባለማህተም ከጆንያው አንዷን እንኳ ጎትቶ ቢዘረጋት ኖሮ፣ ይህ ሰውዬ አንዴ መጥቶ የኔ ነው ብሎ እጁን ቢያስገባበት ኖሮ፣ እሷም ብትሆን ስጡኝና ልዘርጋው ብላ ጠረጴዛውን ብትደበድብ ኖሮ! ቀኑን ሙሉ ማስረጃው ጆንያ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር፤ አንድም ሰው አላየውም።

«በል ይሁን» አሉ እናትየው። «ልክ ነው ካልክ ልክ ነው። ደህና እደሩ» ብለው ዘጉት።

ሚስትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች። ባሏን አየችው፤ ነርሷን አየቻት፤ ከዚያ እንደገና ባሏን። «ሹራቡ የታለ?» አለች።

ነርሷ ወንድሟ እንዲመልስ ጠበቀችው። ልጆቹም አባታቸውን አዩ። እሱ ጨው አምጡልኝ የሚል ይመስል ጠረጴዛውን በዓይኑ ይፈልጋል። 

«ተቃጠለ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ፈርሜ፣ እሱ ተደብቆ።»